ከቦሌ ኤርፖርት እስከ መርካቶ ሆቴል፦ ሻንጣችሁ ስንት ጊዜ ይነሳል?

ከቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት እስከ መርካቶ ያለው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ቀን ላይ፣ በተለይ ሰው ወደ ሥራ በሚገባበትና ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ብዙዎች የማያስቧት የመጨረሻዋን 500 ሜትር ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር እስከ ሆቴሉ በር ያለችውን።

ከኤርፖርት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ብር ነው?» ብሎ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ሻንጣ ይዞ መርካቶ ለሚገባ ሰው ከዋጋው የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሻንጣው እስከ ሆቴሉ ክፍል ድረስ ስንት ጊዜ ይነሳል? ሻንጣ የሚረሳው፣ የሚቀደደው፣ ከሰው ሻንጣ ጋር የሚቀያየረውና ጭቅጭቅ የሚያስነሳው በአብዛኛው መኪናው እየሄደ እያለ አይደለም፤ ሲጫንና ሲወርድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች በሙሉ በአንድ መለኪያ እንያቸው፦ ሻንጣው የሚነሳበትን ብዛት እንቁጠር።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ከቤይሩት፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ የምትመለስ እህታችን ሻንጣ ውስጥ ያለው የዓመታት ልፋት ነው። ከክፍለ ሀገር በአገር ውስጥ በረራ መጥቶ መርካቶ ዕቃ የሚያነሳው ነጋዴ ቦርሳ ውስጥ ያለው ደግሞ መሥሪያ ካፒታሉ ነው። ጥቂት መቶ ብር ለማትረፍ ተብሎ ይህን ሁሉ አደጋ ላይ መጣል ሒሳቡ አያወጣም። በሌላ በኩል ደግሞ አንዲት የጀርባ ቦርሳ ብቻ ይዞ ሙሉ መኪና መከራየትም ገንዘብ ማባከን ነው።

ገና ሳትነሱ የሚጠየቁ ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ ሰዓቱ። ትኬት ላይ 21:30 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ማታ 3:30 ነው። 05:50 ከሆነ ሌሊት 11:50 ነው። ለሚቀበላችሁ ሰው ወይም ለሆቴሉ «9:30 እደርሳለሁ» ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው የሚረዳው ከሰዓት በኋላ ነው። «ማታ 3:30» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። በዚያ ላይ አውሮፕላኑ አረፈ ማለት እናንተ ወጣችሁ ማለት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ፓስፖርት ያስመታል፣ ሻንጣ ይጠብቃል፣ በጉምሩክ ያልፋል። ለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዙለት።

ሁለተኛ፣ የሻንጣው ብዛትና መጠን። በኢትዮጵያ አየር መንገድ አብዛኛው ዓለም አቀፍ በረራ ኢኮኖሚ ክፍል የሚጓዝ ሰው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ይፈቀድለታል። አንድ ሰው ብቻውን 53 ኪሎ ይዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ይህን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ወይም ታክሲ የሚጋፋ ሰው የለም። ለሁለት ሰው ደግሞ እጥፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የሆቴሉ በር። ከሦስቱ ትልቁ ይህ ነው። «መርካቶ ነው የማርፈው» የሚል ሰው ያለው አውቶቡስ ተራ ሊሆን ይችላል፣ ሰባተኛ ሊሆን ይችላል፣ አብነት በኩል፣ ተክለ ሃይማኖት በኩል፣ ራጉኤል ወይም አንዋር መስጊድ አካባቢም ሊሆን ይችላል። ዋናው አስፋልት ላይ ያለ ሆቴልና ተራ ውስጥ የተደበቀ ሆቴል ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉ። ለሪሴፕሽኗ እንዲህ በሏት፦ «እህት፣ መኪና በራችሁ ድረስ ይገባል? ካልገባ የት ቆሞ ነው የሚያወርደው? ከዚያ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ሻንጣ የሚያግዝ ሰው ትልካላችሁ?» ከዚያ ሎኬሽኑን በቴሌግራም እንድትልክላችሁ ጠይቁ። አራት ጥያቄ፣ ሁለት ደቂቃ ስልክ። የሚቀጥለውን ሁሉ የሚወስነው መልሷ ነው።

አሁን አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

በአፕ የሚጠራ ታክሲ

ራይድ፣ ፈረስ፣ ያንጎና ሌሎችም አሉ። ሻንጣ ላለው ሰው ትልቁ ጥቅማቸው ዋጋው ብቻ አይደለም። የመኪናው ሰሌዳ፣ የሾፌሩ ስምና ስልክ፣ የሄዳችሁበት መንገድ ተመዝግቦ ይቀራል። ሻንጣ ረስታችሁ ብትወርዱ የምትይዙት ጫፍ አለ። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ራይድ በ8294 ስልክ ተደውሎም ይጠራል።

ቆጠራው፦ ሻንጣው በኤርፖርቱ ጋሪ እስከ መኪናው ይሄዳል። መኪና ላይ ሲጫን አንድ፣ ሲወርድ ሁለት፣ ወደ ክፍል ሲገባ ሦስት። ሆቴሉ መኪና የሚቆምበት በር ካለው ከሦስት አይበልጥም።

ግን ልብ በሉ፦

መኪናው ምን እንደሆነ እዩ። ከተማው ውስጥ በአፕ ከሚሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ናቸው። የቪትዝ የኋላ ዕቃ ቦታ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ጎን ለጎን አይችልም። አንዱ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ ሰው የሚቀመጥበት ይጠፋል። እስከ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ከሆነ ትንሿ መኪና ትበቃለች። ከዚያ በላይ ከሆነ አፑ ላይ ሰፋ ያለውን የመኪና ዓይነት ምረጡ፤ እንደ አቫንዛ ያለ ባለ 7 ሰው መኪና ማለት ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ሁለት ቪትዝ ከመጥራት ይሻላል።

ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን ካስፈለገ ገመድ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ክረምት ከሆነ ላስቲክም ያስፈልጋል። መርካቶ ደግሞ መኪናው መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ ከላይ ያለው ዕቃ ከእናንተ ዓይን ውጭ ነው። ውድ የሆነውን ነገር ከላይ አትጫኑ።

ሾፌሩ ሲደውል «ወዴት ነው?» ይላል። መርካቶ ሲባል ትዕዛዙን የሚሰርዝ አይጠፋም፤ መጨናነቁን ያውቀዋላ። አትናደዱ፣ ሌላ ጥሩ። «አፑን አጥፍተን እንሂድ፣ ላስተካክልላችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ሻንጣ ይዛችሁ አትስማሙ። አፑ ሲጠፋ ያ ሁሉ ምዝገባ አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው የእሱ ቃልና የእናንተ ትውስታ ነው።

ኤርፖርት ቆመው የሚጠብቁ ታክሲዎች

ከተርሚናሉ ስትወጡ ቢጫ ታክሲዎችና ሌሎች ተረኛ መኪኖች ይጠብቃሉ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፦ ስልክ ባይኖራችሁም፣ ባትሪ ቢያልቅም፣ ሌሊት ቢሆንም አሉ። ብዙ ጊዜ መኪናቸው ከቪትዝ ሰፋ ይላል። ሻንጣው የሚነሳበት ብዛት ከአፑ ጋር እኩል ነው፤ ሦስት።

ልዩነቱ ዋጋው በንግግር መሆኑ ነው። አንድ ዘዴ አለ፦ ከመነጋገራችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ያለውን አፕ ከፍታችሁ የቦሌ–መርካቶን ግምት እዩ። ባትጠሩትም ዋጋውን ያሳያችኋል። ያ ቁጥር መነሻችሁ ነው። የነዳጅ ዋጋና የብር ምንዛሪ በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ባለፈው ዓመት የመጣ ዘመድ የነገራችሁን ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ፤ እዚህም የዛሬ ዋጋ ያልጻፍነው ለዚያ ነው።

ስትስማሙ ሦስት ነገር አብራችሁ ጨርሱ፦ ዋጋው በመኪና ነው ወይስ በሰው? ሻንጣና የኤርፖርቱ ፓርኪንግ ተጨምሮበታል? የሚያወርዳችሁ ሆቴሉ በር ላይ ነው ወይስ «መርካቶ» የሚባል አንድ ቦታ? ሦስተኛውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ሾፌሩ አውቶቡስ ተራ ጥግ አቁሞ «ይኸው መርካቶ» ቢል በንግግራችሁ መሠረት አልዋሸም። እናንተ ግን ገና አልደረሳችሁም።

ሳትጠይቁት ሻንጣችሁን የሚያነሳ ሰው ሲመጣ «አመሰግናለሁ፣ የሚቀበለኝ አለ» በሉ። ጨዋ ሁኑ፣ እጃችሁን ግን ከሻንጣው አትልቀቁ።

የሆቴሉ መኪና ወይም ዘመድ

ሆቴሉ የራሱ መኪና ካለው ዋጋውን ከአፑ ጋር አወዳድሩት። ትንሽ ቢበልጥም አንድ ነገር ትገዛላችሁ፦ ሾፌሩ በሩን ያውቀዋል። የትኛው መንገድ ዝግ እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም አይጠይቅም። ማታ ለሚደርስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ነፃ» የሚል ሆቴል ካለ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ፤ የቀን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዘመድ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ተቀባይ ሰው ሻንጣ መረከቢያው ድረስ እንደማይገባ አስቡ። የሚጠብቃችሁ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው በኩል ነው። «እዚያው ውጭ ነኝ» አይበቃም። የትኛው ተርሚናል? ተርሚናል 2 የዓለም አቀፍ በረራ ነው፤ ከባሕር ዳር፣ ከጅማ ወይም ከድሬዳዋ የሚመጣ ሰው የሚወጣበት የአገር ውስጥ በር ሌላ ነው። የመኪናውን ፎቶና ሰሌዳ በቴሌግራም ይላክላችሁ።

ሚኒባስ

ለብቻችሁ ከሆናችሁ፣ ቀን ከሆነና ያላችሁ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ከሆነ ሚኒባስ ይበቃችኋል። በዋጋ የሚስተካከለው የለም፤ ታሪፉንም የሚያወጣው የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ነው። ሚኒባሶች ተርሚናሉ በር ላይ አይጭኑም፤ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መያዝ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ወርዶ መቀየር ይጠይቃል፦ ከቦሌ ወደ ስታዲየም፣ ለገሃር ወይም ሜክሲኮ፣ ከዚያ ወደ መርካቶ።

ሻንጣ ካለ ግን ቆጠራው ይለወጣል። ቦሌ ላይ ሲጫን አንድ፣ ሜክሲኮ ሲወርድ ሁለት፣ እንደገና ሲጫን ሦስት፣ መርካቶ ሲወርድ አራት፣ በሰው ትከሻ ወይም በጋሪ ሲሄድ አምስት፣ ወደ ክፍል ሲገባ ስድስት። ከአፑ እጥፍ ማለት ነው። በተጨማሪ «ዕቃው የሰው ቦታ ይዟል፣ የሁለት ሰው ክፈል» የሚል ረዳት ያጋጥማል። እውነት ለመናገር 23 ኪሎ ሻንጣ በሚኒባስ ውስጥ የሰው ቦታ ይይዛል። ከመሳፈራችሁ በፊት «ወንድም፣ ከነሻንጣው ስንት ነው?» ብላችሁ ጨርሱ። ተቀምጣችሁ ከተነሳችሁ በኋላ የሚነሳ ክርክር ታክሲውን በሙሉ ያስቆጣል።

አንድ ትልቅ ሻንጣ ካላችሁ የሁለት ታክሲ ሒሳብ፣ የሻንጣ ሒሳብና የተሸካሚ ሒሳብ ደምሩት። ከዚያ ከአፑ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ለአንድ ሰው አሁንም ሚኒባሱ ሊረክስ ይችላል። ለሁለትና ለሦስት ሰው ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል፤ የአፑን ዋጋ ተካፍላችሁ ትከፍላላችሁና።

የከተማ አውቶቡስና ባቡር

የከተማ አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ በተጨናነቀ ሰዓት ግን ቆሞ ለሚሄድ ሰው እንኳን ቦታ አይተርፍም። ከሻንጣ ጋር አይመከርም።

«ባቡሩስ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው። ከቃሊቲ ተነስቶ ምኒልክ አደባባይ የሚደርሰው የሰሜን–ደቡብ መስመር መርካቶን አቋርጦ ያልፋል። ከስታዲየም ከያዛችሁት በለገሃር፣ በሜክሲኮና በልደታ አልፎ አብነት፣ ሰባተኛ፣ አውቶቡስ ተራና አትክልት ተራ ላይ ይቆማል። የመንገድ መጨናነቅ አይነካውም። ችግሩ ወደ ቦሌ ኤርፖርት የሚሄድ ሐዲድ አለመኖሩ ነው። መጀመሪያ በታክሲ እስከ ስታዲየም መሄድ ያስፈልጋል። ከዚያ ደረጃ አለ፣ ወረፋ አለ፣ ግፊያ አለ። ቀላል ቦርሳ ለያዘ ሰው ይሠራል፤ ሻንጣ ለያዘ አይሠራም።

ዱባይ የኖሩ ወገኖች ያውቁታል፤ እዚያ ሜትሮው ተርሚናል 1 እና 3 ድረስ ይገባል። እንደዚያም ሆኖ ለአንድ ተሳፋሪ የሚፈቀደው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ነው። ባቡር ኤርፖርት በደረሰበት አገር እንኳን ብዙ ሻንጣ የያዘ ሰው ታክሲ ነው የሚይዘው።

ኤርፖርት ውስጥ ሳላችሁ የምትጨርሱት

ከውጭ የምትመጡ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ሲም ካርድ አስተካክሉ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ኤርፖርቱ ውስጥ አሉ። የአፕ ሾፌር የሚያገኛችሁ በስልክ ደውሎ ነው፤ ቁጥራችሁ የውጭ ከሆነ ላይደውል ይችላል። ጥቂት ገንዘብም እዚያው ባንክ መንዝሩ። ሾፌሩን በዶላር ወይም በሪያል እከፍላለሁ ካላችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው እሱ ነው። ቴሌብር ያለው ሰው በዚያ መክፈል ይችላል፤ ግን ለተሸካሚ የሚሆን ዝርዝር ብር በእጅ መኖር አለበት።

ሻንጣዎቹን ቆጥራችሁ ፎቶ አንሱ። ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «አራት ነው»። መኪናው ላይ ሲጫን አራት፣ ሲወርድ አራት። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ቆጣሪው ልጅ ይሁን፤ ልጅ ሒሳብ አይስትም።

የመጨረሻዋ 500 ሜትር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መርካቶ ለመኪና የተሠራ ሰፈር አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚህ ሲዛወር ስሙም አብሮ መጣ፤ መርካቶ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የበቀለው ሱቅ፣ ጉልት፣ ሕንፃና መጋዘን መንገዱን አጥቦታል። ቀን ላይ አይሱዙ ያራግፋል፣ ጋሪ ያልፋል፣ ሰው በመኪናው መንገድ ይሄዳል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበትና የአካባቢው መጨናነቅ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ፈተና ነበር። የእሳት አደጋ መኪና የተቸገረበት ቦታ ላይ የእናንተ አቫንዛ በሰላም ይገባል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

መርካቶ ውስጥ አድራሻ ማለት ተራ ነው። ለሾፌሩ የመንገድ ስም ብትነግሩት አያውቀውም። «ምናለሽ ተራ ሳይደረስ»፣ «ከሰባተኛ ወደ አብነት ሲወረድ»፣ «ከራጉኤል ፊት ለፊት» ብትሉት ግን ወዲያው ይገባዋል። ጂፒኤሱ ላይ ብቻ አትመኩ፤ ሕንፃዎቹ የተጠጋጉ ስለሆኑ ምልክቱ ሆቴሉን ከጀርባው ሊያሳይ ይችላል። የሆቴሉ ስም፣ ተራውና አንድ የታወቀ ምልክት፦ ሦስቱን አንድ ላይ ያዙ።

መንገዱንም ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሩ። ሆቴላችሁ በሰባተኛ ወይም በአብነት በኩል ከሆነ በሜክሲኮና በልደታ መምጣት ይቀርባል። በተክለ ሃይማኖት በኩል ከሆነ በለገሃር፣ በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ይሻላል። በተሳሳተው በኩል የገባ መኪና ገበያውን አቋርጦ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከቦሌ ከመጣበት ሊበልጥ ይችላል።

መኪናው በር ድረስ ካልገባ ሆቴሉ ሰው እንዲልክ ከመድረሳችሁ 10 ደቂቃ በፊት ደውሉ። ተሸካሚ ካስፈለገም ችግር የለውም፤ መርካቶ በተሸካሚ የሚንቀሳቀስ ገበያ ነው፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች አሉበት። ግን ሥርዓት አለው፦ ዋጋውን ሳይነሳ በፊት ተስማሙ፣ «በአንዱ ነው ወይስ በሁሉም?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም ሻንጣ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ጋሪ ይሂድ፣ እናንተ ከኋላ ተከተሉ። ሻንጣ ለሁለት ሰው ከተከፋፈለ ዓይናችሁም ይከፋፈላል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ከተሸካሚው ጋር ይሂድ፣ ሌላው መኪናው ባዶ መሆኑን አይቶ ይከተል። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ወርቅና ስልክ በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ሰውነታችሁ ላይ ይሁን። እየሄዳችሁ ስልክ አውጥታችሁ ካርታ አትዩ። ሱቅ ውስጥ ገብታችሁ ጠይቁ።

ቀኑና ሰዓቱ ምርጫውን ይለውጠዋል

ቅዳሜ መርካቶ ከሳምንቱ ሁሉ ይጨናነቃል። በበዓል ዋዜማ ሳምንታት ደግሞ ከቅዳሜም ይብሳል። እሑድ ብዙው ሱቅ ዝግ ስለሆነ መኪና እንደ ልቡ ይገባል። ዓርብ ከቀኑ 6:30 እስከ 7:30 ገደማ የጁምዓ ሰዓት ነው፤ አንዋር መስጊድ አካባቢ በመኪና ለማለፍ አትሞክሩ። መስከረም 1 የራጉኤል ንግሥ ከእንቁጣጣሽ ጋር ስለሚገጥም ያ አካባቢም ይሞላል።

ማታ ሌላ ነው። መጨናነቁ ይጠፋል፣ መኪናው በር ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ ግን ሱቆች ተዘግተው መንገዱ ጭር ይላል። ማታ የሚደርስ ሰው አማራጩ ሁለት ብቻ ነው ማለት ይቻላል፦ ሆቴሉ በር ላይ የሚያደርስ መኪና፣ ወይም ቦሌ አካባቢ አድሮ ጠዋት መሄድ። «ዋናው መንገድ ላይ ላውርዳችሁና ትንሽ ተራመዱ» የሚል ሾፌር ካለ ሆቴሉ ደውሎ እንዲያናግረው አድርጉ። ዘበኛው በር ከፍቶ ሳይታይ ሻንጣ አይወርድም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መርካቶ የሚያርፍ ብዙ ሰው በማግሥቱ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ክፍለ ሀገር ለመሄድ ነው። አሁን ግን ሁሉም መስመር ከአውቶቡስ ተራ አይነሳም፤ ቃሊቲ፣ ላምበረት፣ አስኮና አየር ጤናም መናኸሪያ አለ። አውቶቡሳችሁ ከየት እንደሚነሳ ሳታረጋግጡ መርካቶ ሆቴል ከያዛችሁ ያን ሁሉ ሻንጣ በማግሥቱ ሌሊት ከተማውን አቋርጣችሁ መመለስ ሊመጣ ነው። ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል።

ባጭሩ ማን ምን ይያዝ?

ቦርሳ ብቻ፣ ለብቻ፣ ቀን፦ ሚኒባስ። ትዕግሥት ላለው ደግሞ በታክሲ እስከ ስታዲየም፣ ከዚያ ባቡር።

አንድ ትልቅ ሻንጣ፦ በአፕ የሚጠራ ትንሽ መኪና።

ሁለትና ከዚያ በላይ ትልልቅ ሻንጣ፣ ወይም ቤተሰብ፦ ሰፊ መኪና፤ በአፕ ወይም ተነጋግሮ ከኤርፖርት።

ከዓመታት በኋላ የምትመለስ፣ ከተማው የተለወጠባት ሰው፦ ዘመድ ወይም የሆቴሉ መኪና። ዘመድ መኪና ባይኖረው እንኳን ታክሲ ይዞ ይምጣ፤ ከመኪናው ይልቅ የሚጠቅማት አብሯት ያለው ሰው ነው።

ገንዘብ የያዘ ነጋዴ፦ አፑ ሳይጠፋ፣ በቀን፣ ሆቴሉ በር ድረስ። ከወረደ በኋላ ገበያ ሳይዞር መጀመሪያ ክፍል ይግባ።

ማታ የሚደርስ ሁሉ፦ በር ድረስ የሚያደርስ መኪና፣ ካልሆነ ቦሌ ማደር።

ለወደፊቱስ?

ድሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር፤ ከመርካቶ በእግር የሚደረስ። በ1950ዎቹ ጄት አውሮፕላን ሲመጣ የልደታው ማኮብኮቢያ አልበቃ አለና ቦሌ ተሠራ። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ውጦታል። አሁን ደግሞ አየር መንገዱ አዲሱን ትልቅ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሊያደርገው ነው፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያ ሲሆን መርካቶ ሆቴል የያዘ ሰው 10 ሳይሆን 50 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ነው። ስለዚህ ከኤርፖርት ወደ ከተማ የሚወስድ፣ የሻንጣ ቦታ ያለው የሕዝብ ትራንስፖርት አሁኑኑ ሊታሰብበት ይገባል። ባቡር ሠርቶ ኤርፖርቱን መርሳት አንዴ ይበቃል።

እስከዚያው ግን እጃችሁ ላይ ያለው ስልክና የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሆቴሉ ጋ ደውሉ፣ ሻንጣችሁን ቁጠሩ፣ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ አስሉ። ዋጋውን ከዚያ በኋላ ተከራከሩ። በቅርቡ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ደግሞ ይህን ላኩለት፤ አውሮፕላን ውስጥ ሳይገባ ያንብበው። መልካም ጉዞ!